የጊኒ ፒግ ጉዝጓዝ፦ ምን ይነጠፋል፣ መቼ ይቀየራል?

ጉዝጓዝ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ለቡና የሚነሰነሰው ቄጠማ ነው። ጊኒ ፒግ አይጥ የምትመስል፣ ጭራ የሌላት የቤት እንስሳ ናት፤ ከሥሯ የሚነጠፈው ጉዝጓዝ የዚያ ተቃራኒ ነው። ቄጠማ እርጥብ ሲሆን ያምራል፣ ይሄኛው ግን ካልደረቀ ዋጋ የለውም። ጅማ ላይ ደግሞ ደረቅ ነገር ደረቅ እንደሆነ ማቆየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ የተሰጣ ልብስ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ውሎ ያድራል፣ ጫማ አልጋ ሥር ይሻግታል፣ ጉዝጓዙም እንደዚያው።

ሁለት አሉኝ፣ ዳማ እና ቡሬ። አዎ፣ የበሬ ስም ነው። ያወጣችላቸው እናቴ ናት፣ «አይጥ ቤቴ አታስገባብኝ» ብላ ሁለት ሳምንት ካኮረፈች በኋላ።

መጀመሪያ ምን እንደማይነጠፍ እንነጋገር፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ጅማ የበርጩማና የእንጨት ሥራ አገር ናት፣ ሰጋቱራ በየሰፈሩ በነፃ ይገኛል። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የጥድ ሰጋቱራ ተሸክሜ መጣሁ። ሽታው ቤቱን አወደው፣ እኔም ደስ አለኝ። በሳምንቱ ቡሬ ማስነጠስ ጀመረች፣ ዓይኗም እንባ ያዘው። ለካ ያ ደስ ያለኝ ሽታ ነው ችግሩ። ጥድና የመሳሰሉት ሽታ ያላቸው እንጨቶች የሚያወጡት ተናኝ ዘይት የእነዚህን እንስሳት መተንፈሻ ያስቆጣል፣ ሲቆይም ጉበታቸውን ያስቸግራል። ሰጋቱራ ደግሞ ከየትኛውም እንጨት ይምጣ ብናኝ ነው። አንድ ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ አፍንጫዋን ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተክላ የምትውል እንስሳ ብናኝ ላይ ስትኖር አስቡት።

ስለዚህ እንጨት ከሆነ ምርጫችሁ ሰጋቱራውን ተዉና ከመላጊያ ሥር የሚወጣውን ተጠቅልሎ የሚረግፍ ፍቅፋቂ ጠይቁ። ሠራተኛውን «የምን እንጨት ነው?» በሉት። «ጥድ ነው» ወይም «ባሕር ዛፍ ነው» ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚቆረጥበት ቤት ከሆነም እንዲሁ፣ ሙጫው ከፍቅፋቂው ጋር ይቀላቀላል። ቫርኒሽ የነካውም አይሆንም። እኔ የዋንዛ ፍቅፋቂ ሳገኝ አመጣለሁ፣ እስካሁን ምንም አላየሁባቸውም። ወንፊት ላይ አራግፉት፣ ፀሐይ ላይ አውሉት፣ ከዚያ ብቻ ወደ ቤት።

የቡና ገለፈትስ? የሚለኝ ሰው አይጠፋም፣ ጅማ ስለሆንን። አይሆንም። ካፌይን አለበት፣ ጊኒ ፒግ ደግሞ የተኛበትን ሁሉ ይቀምሳል። እርጥብ ከነካው ወዲያው ይሻግታል። ለማዳበሪያ ተዉት። የስንዴ ጭድ ደረቅና ሹል ነው፣ ዓይን ይወጋል። የጤፍ ጭድ ለስለስ ይላል፣ ግን አቧራው ብዙ ስለሆነ በደንብ ሳይራገፍ አይሞከርም፣ ውኃም እምብዛም አይጠጣም። ጋዜጣ ለብቻው ከሆነ ቶሎ ይረጥብና ይለጠፋል፤ ከሥር ለማንጠፍ ግን ይጠቅማል። ከሁሉ የከፋው ባዶ ሽቦ ወለል ነው፣ የውስጥ እግራቸውን ያቆስለዋል።

አሁን እኔ በመጨረሻ የረጋሁበትን ላሳያችሁ። ጨርቅ ነው።

ሰልባጅ ተራ ሂዱና ያ ስስ፣ ለስላሳ፣ ፖሊስተር ብርድ ልብስ አለ አይደል፣ ፍሊስ የሚሉት፣ እሱን ግዙ። ቀዳዳ ቢኖረውም ግድ የለም፣ የሚተረተር ክር ግን አይኑረው፣ እግራቸው ላይ ይጠመጠማል። ቤት አምጥታችሁ በሙቅ ውኃና በትንሽ ኦሞ ሦስት አራት ጊዜ እጠቡት። ማለስለሻ አትጨምሩ። ምክንያቱ ይሄ ነው፤ አዲስ ፍሊስ ውኃ ላዩ ላይ ያንሳፍፋል፣ ደጋግሞ ሲታጠብ ግን ሽንቱን ወደ ታች አሳልፎ ራሱ ደረቅ ይሆናል። መሞከሪያው ቀላል ነው። አንድ ማንኪያ ውኃ አፍስሱበት። ጠብታው እንደ ዶቃ ቁጭ ካለ ገና ነው፣ ድጋሚ እጠቡ። ቶሎ ሰርጎ ከገባ ደርሷል።

ፍሊሱ ራሱ አይጠጣም፣ ያሳልፋል እንጂ። የሚጠጣ ነገር ከሥሩ ያስፈልጋል፣ ለዚህ ደግሞ ያረጀ ጋቢን የሚያክል አላገኘሁም። አራት እጥፍ አድርጋችሁ አንጥፉት። ፎጣም ይሆናል። አደራረቡ ከታች ወደ ላይ ላስቲክ ወይም ሸራ፣ ጋዜጣ፣ ጋቢ፣ ፍሊስ ነው። ጫፉን ከወለሉ ሥር አጥፋችሁ አስገቡት፣ አለዚያ ሥሩ ገብተው ይተኛሉ፣ እናንተም ጠፉ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። በፍቅፋቂ ከሄዳችሁ ደግሞ ውፍረቱ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ስስ ካደረጋችሁት በማግስቱ ወለሉ ጭቃ ነው።

ቦታው ሲጠብ የትኛውም ጉዝጓዝ አይችልም። ለሁለት ጊኒ ፒግ ቢያንስ 0.7 ካሬ ሜትር ስጧቸው። ከረከቦቱና ከጭሱም አርቋቸው፣ እጣንና የሚቆላ ቡና ለእኛ ነው የሚጥመው።

ጥገናው ላይ አንድ ነገር ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ ያልቃል። የትም ይጸዳዳሉ፣ ግን ሣር በሚበሉበት ጥግ ይበዛል፣ እየበሉ ይጥላሉና። ስለዚህ የሣሩን ማስቀመጫ አንድ ጥግ ላይ አድርጉና እዚያ ጥግ ላይ ብቻ ፍቅፋቂ የሞላ ዝቅ ያለ ሳፋ አኑሩ። በየቀኑ የምትቀይሩት እሱን ይሆናል። የቀረውን ፍሬ ፍሬውን በትንሽ መጥረጊያ ጥርግ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሣሩ ምግባቸው ነው፣ ለጉዝጓዝነት አትቁጠሩት፣ ሽንት አይዝም፤ የረጠበውን ግን በዚያው ቀን አውጡ።

ጠዋት ጠዋት የእጃችሁን ጀርባ ጨርቁ ላይ ጫን አድርጋችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ቅዝቃዜ ወይም እርጥበት ከተሰማችሁ ሳምንት አትጠብቁ፣ ቀይሩ። አፍንጫን አትመኑ፣ አብሮ የሚኖር ሰው ሽታውን ይለምደዋል። የሽንቱ አሞንያ ለእናንተ ሲሸታችሁ ለእነሱ ቆይቷል፣ እነሱ ወለሉ ላይ ናቸዋ። በጋ ላይ ሙሉውን በሳምንት አንድ ጊዜ እቀይራለሁ፣ ክረምት ላይ በየአራት ቀኑ። ለዚህም ሦስት ቅያሪ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሥራ ላይ፣ አንዱ ገመድ ላይ፣ አንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ። በሁለት ሞክሬ ነሐሴ ላይ ጉድ ሆኛለሁ።

ወለሉ ላይ ነጭ፣ እንደ ኖራ የደረቀ ነገር ታያላችሁ። ሽንታቸው ካልሲየም ይበዛዋል፣ እሱ ነው። አትፋቁት። አቼቶን ከውኃ ጋር እኩል ቀላቅላችሁ አፍስሱበትና ሩብ ሰዓት ተዉት፣ በጨርቅ ይነሳል። በረኪና ግን ሽንት ባለበት ላይ በፍጹም፣ ከአቼቶም ጋር በፍጹም! የሚወጣው ጋዝ እናንተንም ያንቃል።

ጨርቁን በቀየራችሁ ቁጥር አንዴ ገልብጣችሁ የውስጥ እግራቸውን እዩ። ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ፀጉሩ ከረገፈ ወለሉ እርጥብ ወይም ሻካራ ነው ማለት ነው። ማስነጠሱ ከቀጠለ ወይም መብላት ካቆሙ የእንስሳት ሐኪም ጋ ነው፤ ቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን እንዳትሰጧቸው፣ ይገድላቸዋል።

የወጣውን ፍቅፋቂና ፍግ አትጣሉት። ጓሮ ከምሩት፣ ይብላላ። እናቴ ጎመኗ ሥር ትነሰንሰዋለች፤ አሁን ማዳበሪያው ሲዘገይ «የአይጦቹስ?» ብላ የምትጠይቀኝ እሷ ናት።