ሞኒተሩ «ኖ ሲግናል» ሲል ከየት እንጀምር?

ኮምፒውተሩን አበሩት። ፋኑ ይሽከረከራል፣ መብራቱም በርቷል። ሞኒተሩ ግን «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንድ ያሳይና ጥቁር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ሞኒተሬ ተቃጠለ» ብሎ ይደነግጣል።

እስቲ ጽሑፉን ልብ ብለው ይዩት። ያንን ጽሑፍ ያወጣው ሞኒተሩ ራሱ ነው እንጂ ኮምፒውተሩ አይደለም። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ከታየዎት ስክሪኑም ሆነ ከኋላው ያለው መብራት ይሠራሉ። ሞኒተሩ የሚልዎት «እኔ አለሁ፣ የደረሰኝ ነገር ግን የለም» ነው። ስለዚህ ፍለጋውን ከሞኒተሩ ጀምረው በኬብሉ በኩል ወደ ኮምፒውተሩ ይሂዱ። ይህን ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) መክፈት አያስፈልገውም።

1. ሞኒተሩ የትኛውን ፖርት (የኬብል መሰኪያ) እየጠበቀ ነው?

በሞኒተሩ ቁልፎች ሜኑውን ይክፈቱና «ኢንፑት» ወይም «ሶርስ» የሚለውን ይፈልጉ። ኬብሉ ኤችዲኤምአይ 2 ላይ ተሰክቶ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ 1ን እየጠበቀ ከሆነ ችግሩ እዚሁ አለቀ። «አውቶ» ላይ ቢሆንም እንኳ ኬብሉ የገባበትን ፖርት በእጅዎ ይምረጡ።

2. ኬብሉ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ ብዬ ሁሉንም ሰው እለምናለሁ፤ ጥፋቱ በተደጋጋሚ የሚገኘው እዚህ ነውና።

በድሮው ቪጂኤ ኬብል ጫፉ ሲላላ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ግን የሆነ ነገር ይታያል። ዲጂታል ኬብል እንደዚያ አይደለም። ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ ከምስሉ በፊት ይነጋገራሉ። የኤችዲኤምአይ ኬብል 19 ፒኖች (ትንንሽ የብረት መገናኛዎች) አሉት። በ18ኛው ፒን ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይልካል። በ19ኛው ሞኒተሩ «ተሰክቻለሁ» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩ የሚችለውን ሬዞሉሽን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) እና ሪፍሬሽ ሬት (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) የሚናገር አጭር መረጃ ያነባል፤ ኢዲአይዲ ይባላል። ከእነዚህ አንዷ ፒን በደንብ ካልነካች፣ ምስል ተሸካሚዎቹ ሽቦዎች ደህና ቢሆኑም ስክሪኑ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሁለቱንም ካጠፉ በኋላ ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ይንቀሉት። በስልክዎ መብራት ጫፉን ውስጡ ድረስ ይዩት፤ ፖርቱንም እንዲሁ። አቧራ፣ የተጣመመ ፒን፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ካለ ይታያል። መልሰው ሲሰኩ ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ይግፉት። ኬዙ ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ኬብሉን ካጠፈው ትንሽ ወደፊት ያውጡት፤ የታጠፈ ኬብል ጫፉን ቀስ በቀስ ያላላዋል። ዲስፕሌይፖርት የሚባለው ሌላው የኬብል ዓይነት ብዙ ጊዜ መቆለፊያ አለው፤ ሲነቅሉ ቁልፉን ይጫኑ፣ በኃይል አይጎትቱ።

አሁንም ካልሠራ ሌላ ኬብል ይሞክሩ፣ ግን ሌላ ቦታ ላይ ሲሠራ ያዩትን። ከካርቶን የወጣ አዲስ ኬብል ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ በዲስፕሌይፖርት 20ኛው ፒን ከጫፍ ጫፍ መገናኘት የለበትም፤ በደንብ ባልተሠሩ አንዳንድ ኬብሎች ግን ይገናኛል። ያኔ ሞኒተሩ ወደ ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን ወደሚያዘጋጀው የኮምፒውተሩ ክፍል) ኤሌክትሪክ ይመልሳል፣ ኮምፒውተሩም አልነሳ ሊል ይችላል።

መቀየሪያ አዳፕተር ከተጠቀሙ አቅጣጫውን ያጣሩ። ተራው አዳፕተር ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት ወደ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ ነው የሚሠራው። ገልብጠው ቢሰኩት ምንም አያመጣም፤ ለዚያ ሌላ ዓይነት መቀየሪያ ያስፈልጋል። ዩኤስቢ-ሲ ከሆነም፣ ሁሉም የዩኤስቢ-ሲ ፖርት ምስል አያወጣም።

3. ከኤሌክትሪክ ነቅለው ያሳርፏቸው

ሁለቱንም ያጥፉና ገመዳቸውን ከሶኬት ይንቀሉ። የኮምፒውተሩን ማብሪያ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይተው መጀመሪያ ሞኒተሩን፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ያብሩ። ተኝቶ አልነቃ ያለ ሞኒተር በዚህ ይነቃል።

4. ከኮምፒውተሩ ጀርባ

ኮምፒውተሩ ለብቻው የገባ ግራፊክስ ካርድ ካለው ኬብሉ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ ነው። ከዩኤስቢና ከድምፅ ፖርቶቹ አጠገብ ያለው ኤችዲኤምአይ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ነው፤ ካርድ ሲኖር ብዙውን ጊዜ ይዘጋል። እንደውም ስማቸው በኤፍ (F) የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው ከማዘርቦርዱ ፖርት ምስል መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

5. ኮምፒውተሩ ነቅቷል?

ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ደጋግመው ይጫኑ። መብራቷ የምትበራና የምትጠፋ ከሆነ ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው፤ የጠፋው ምስሉ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ከሆነ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና የቢ (B) ቁልፍን አንድ ላይ ይጫኑ፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ግራፊክሱን የሚያሠራው ፕሮግራም) እንደገና ይነሳል። የዊንዶውስና የፒ (P) ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ደግሞ ምስሉ ወደየትኛው ስክሪን እንደሚሄድ ይመርጣል።

ሲበራ የአምራቹ አርማ ታይቶ ዊንዶውስ ሲገባ የሚጠፋ ከሆነ ኬብሉን ይተዉት። ጥርጣሬው ድራይቨሩ ወይም ሞኒተሩ የማይችለው ሬዞሉሽን ላይ ነው። በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ የሚነሳበት መንገድ) ገብተው ያስተካክሉት።

ካፕስ ሎክ ጭራሽ ካልመለሰ ግን ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ ቆሞ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት የተጻፈባቸው ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ የትኛው በርቶ እንደቀረ ይዩ። ከዚያ ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ኬዙን ይክፈቱ፣ በሰውነትዎ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የኬዙን ብረት ይንኩ፣ ራሙን (የማስታወሻ ካርዱን) አውጥተው ቀጭ እስኪል መልሰው ያስገቡት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ይሞክሩ። ወደ ግራፊክስ ካርዱ የሚሄደው የፓወር ገመድም መግባቱን ያረጋግጡ።

ይህ ሁሉ ካልፈታው ሞኒተሩን በዚያው ኬብል ከላፕቶፕ ጋር ያገናኙት። እዚያ ምስል ካመጣ ለባለሙያ የሚወስዱት ኮምፒውተሩን ብቻ ነው። ካላመጣ ደግሞ ከመውሰድዎ በፊት የሞኒተሩን ሌላ ፖርት በሌላ ኬብል ይሞክሩ፤ አንዱ ፖርት ሞቶ ሌላው የሚሠራበት ጊዜ አለ።