አዲስ የካንሰር ትሬሰር ሲሞከር ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ትሬሰር ማለት በደም ስር ተሰጥቶ ዕጢው ጋ ሄዶ የሚጠራቀምና በፔት ስካን (የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ የምስል ምርመራ) የሚታይ ራዲዮአክቲቭ ነገር ነው፣ አዲስ መጣ በተባለ ቁጥር ግን ያው ስህተቶች ይደገማሉ።

1. የበራ ሁሉ ካንሰር ነው ማለት
ዋናው ይሄ ነው። ኤፍዲጂ የሚባለውን ትሬሰር እንደ ምሳሌ እንይ፣ ፍሎሪን 18 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ነገር የተለጠፈበት ስኳር ነው፣ ሴሉ እንደ ስኳር ያስገባዋል ግን አቃጥሎ መጨረስ ስለማይችል እዛው ይታሰራል። ብዙ ካንሰር ስኳር ስለሚወድ ይበራል፣ ግን ቲቢ ያለበት ሳንባም ይበራል፣ ያልዳነ ቁስልም ይበራል፣ አንጎልማ ሁሌም እንደበራ ነው። ቲቢ በበዛበት እንደኛ አገር ደግሞ ይሄ ሰውን ያለ ካንሰሩ ካንሰር አለብህ ሊያስብል ይችላል፣ ስለዚህ ሙከራ ላይ የበራው ቦታ በባዮፕሲ (ከቦታው ናሙና ተወስዶ በሚደረግ ምርመራ) ካልተረጋገጠ ምስሉ ማስረጃ አይሆንም።

2. ያልበራ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት
ብዙ የፕሮስቴት ካንሰር ኤፍዲጂን እምብዛም አይወስድም። ለዛ ነው በፕሮስቴት ካንሰር ሴል ላይ የሚበዛውን ፒኤስኤምኤ የሚባል ፕሮቲን የሚፈልግ በጋሊየም 68 የሚሰራ ትሬሰር የመጣው፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም እ.ኤ.አ. በ2020 ዲሴምበር ላይ ፈቀደው።

3. በልቶ መምጣት
ኤፍዲጂ ከሆነ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ብዙ ቦታ 6 ሰዓት መጾም ነው፣ ውሃ ብቻ ይቻላል። ስኳር ያለው ሻይና ማኪያቶም ምግብ ነው! ከበላችሁ ኢንሱሊን ይወጣና ስኳሩን ጡንቻ ይሻማዋል፣ ዕጢው ደብዝዞ ይቀራል። ብርድ ላይ መቀመጥም አንገት አካባቢ ያለውን ቡናማ ስብ ያበራዋልና ደረብ አድርጋችሁ ሂዱ።

4. ሰዓቱን ችላ ማለት
ፍሎሪን 18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1976 ኦገስት ኤፍዲጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሲሰጥ ኒውዮርክ ብሩክሄቨን ላብራቶሪ ተሰርቶ በአውሮፕላን ወደ ፊላደልፊያ ነው የተላከው፣ ትሬሰሩ መንገድ ላይ እያለም እየቀነሰ ነበር ማለት ነው (ያኔ የታየው አንጎል ነበር)። ሙከራ ላይም ትሬሰሩ ከተሰጠ በኋላ አንዱ ሰው በ60 ደቂቃ ሌላው በ90 ደቂቃ ምስል ከተነሳ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።

5. እንደ ሕክምና መቁጠር
የሚሰጠው መጠን በጣም ጥቂት ነው፣ ዕጢውን ለማየት እንጂ ለማጥፋት አይደለም። የሙከራው የመጀመሪያ ዙር የሚመረምረው ጉዳት እንዳያመጣና ጨረሩ የትኛው አካል ላይ እንደሚበዛ ነው። ፈቃደኛ ሆናችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ፣ በኤፍዲጂ ለምሳሌ ጨረሩ ብዙ የሚያርፍበት የሽንት ፊኛ ስለሆነ ውሃ ጠጡና ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት ተመላለሱ።