ዘካና ሰደቃ ወደ አገር ቤት ስትልኩ አደራውን ለማን ትሰጣላችሁ?

ረመዳን በተቃረበ ቁጥር ከወንድሞችና ከእህቶች የሚደርሰኝ ጥያቄ፣ ዘካን (ግዴታ የሆነውን ምጽዋት) በዘመድ በኩል መላክ ይሻላል ወይስ ለድርጅት መስጠት የሚል ነው። ስሌቱ ብዙም አያከራክርም፤ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ያላነሰና ዓመት የሞላው ገንዘብ ያለው ሰው 2.5 በመቶውን ያወጣል። አስቸጋሪው አደራው ነው።

ችግረኛ ለሆነ ወንድም፣ እህት፣ አክስት ወይም አጎት ዘካ መስጠት ዝምድናንም መቀጠል ስለሆነ ምንዳው ድርብ ነው፤ ወላጅንና ልጅን ግን መጦር ግዴታችን በመሆኑ ዘካ አይሰጣቸውም። ጣጣው የሚመጣው ዘመድ ለሌሎች አከፋፋይ ሲሆን ነው።

የእኛ ጀመዓ (ማኅበር) ለአንድ የገጠር መንደር የውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ገንዘብ አዋጥቶ ሥራውን ለአንድ አባል የቅርብ ዘመድ ሰጠ። ፎቶግራፉም ቪዲዮውም መጣ፤ የሟች ወላጆቻችን ስም የተጻፈበት ታፔላም ታየ። ከወራት በኋላ አንዲት እህታችን ቦታው ድረስ ስትሄድ ግን፣ ጉድጓዱ ቀደም ሲል በሌሎች ለሌላ መንደር የተቆፈረ፣ ታፔላውም ለፎቶ ቆሞ የተነቀለ መሆኑን ውኃ ከሚቀዱት ሴቶች ሰማች። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ፣ ውኃ ይወጣላችኋል የተባሉት ሰዎች ዛሬም ከወንዝ መቅዳታቸው ነው። ሽማግሌ ስንልክ ደግሞ «ዘመድ ይጠረጠራል ወይ?» የሚል ቅያሜ ተከተለ፤ ብዙዎቻችንን ዝም የሚያሰኘን ይህ ይሉኝታ ነው። ነገር ግን በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 ላይ አላህ ብድርን እንዲጽፉና ምስክር እንዲያቆሙ ያዘዘው ምእመናንን ነው፤ ደረሰኝ መጠየቅም ዘመድን መናቅ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብ ተቀባዩና ሥራውን አይቶ የሚመሰክረው አንድ ሰው፣ ወይም የአንድ ቤት ሰዎች፣ አይሁኑ። ምስክሩ የመስጂዱን ኢማምና ውኃ ቀጂዎቹን ያነጋግር። ለቆፋሪ ውል የሚፈርምላችሁ ሰው ካለ ውክልናው ለዚያ ሥራ ብቻ ይሁን፤ በኤምባሲ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፉን አረጋግጡ።

ድርጅት ለመረጠ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በአፍሪካ ረሃብ ምክንያት በዶክተር ሃኒ ኤል-ባናና በጓደኞቻቸው በበርሚንግሃም የተመሠረተው እስላሚክ ሪሊፍ በኢትዮጵያም ይሠራል። ዘካ በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ለተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች ብቻ ስለሚውል፣ ስትከፍሉ ዘካ ወይም ሰደቃ (በፈቃድ የሚሰጥ ምጽዋት) መሆኑን ለይታችሁ ምረጡ። የአገር ውስጥ ድርጅት ከሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት መመዝገቡን፣ የባንክ ሒሳቡም በግለሰብ ሳይሆን በድርጅቱ ስም መሆኑን እዩ፤ አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ ሪፖርቱን መጠየቅም አትፈሩ።

ዘመዳችሁ በምስክሩ ከተቀየመ ገንዘቡን ለድርጅት ስጡ፤ ለእሱም ዝምድናው እንዳይቋረጥ ከዘካው ውጭ ከራሳችሁ ስጦታ ላኩለት።