የተረሳ የዳቦ እርሾን ማስነሳትና በቤት ውስጥ ማቆየት

ከማሳና ከከብት ሥራ ጋር የሚኖር ቤተሰብ የዳቦ እርሾውን የሚረሳው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ነው። አጨዳው፣ የጓሮው አረምና የእንስሳቱ እንክብካቤ ሲደራረቡ፣ ፍሪጁ ጥግ ላይ የተቀመጠው ዕቃ ሁለትና ሦስት ወር ሳይከፈት ይቀራል። ሲከፈትም ሊጡ በላዩ ጠቆር ያለ ውሃ አቅርሮ፣ መልኩ ግራጫ ሆኖ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይዞ ይገኛል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ እርሾው ሞቷል ብሎ ይደፋዋል። እኔም ከአንድ ጊዜ በላይ ደፍቻለሁ፤ ከደፋኋቸው መካከል አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ትዕግሥት ሊነሱ ይችሉ እንደነበር የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በመመርመር ነው። በላዩ ያቀረረው ቡናማ ወይም ጥቁር ውሃ እርሾው ምግቡን ሲጨርስ የሚለየው፣ አልኮልና አሲድ ያለበት ፈሳሽ ስለሆነ አያስፈራም፤ ቀስ አድርጎ መድፋት ይበቃል። የኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታም የረሃብ ምልክት እንጂ የመበላሸት ምልክት አይደለም። ጸጉራም ሻጋታ፣ ወይም ሮዝና ብርቱካንማ መስመር ከታየበት ግን ያለ ምንም ማመንታት ሙሉ በሙሉ ይጣላል። ሻጋታው ዓይን ከሚያየው በታች ዘልቆ ስለሚገባ፣ ከላይ ጠርጎ የቀረውን ማዳን አይቻልም።

ከመሣሪያ ሁሉ የማይታለፈው ሚዛን ነው። አንድ ኩባያ ውሃ ወደ 240 ግራም ሲመዝን አንድ ኩባያ ዱቄት የሚመዝነው ከ120 እስከ 140 ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ በኩባያ «እኩል» ተብሎ የተሰፈረ ሊጥ በክብደት ውሃው ከዱቄቱ እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። እንዲህ የቀጠነ ሊጥ የሚፈጠረውን አየር መያዝ ስለማይችል አረፋው ላይ እየወጣ ይፈነዳል እንጂ ሊጡ ኩፍ አይልም። ባለቤቱም ጤነኛውን እርሾ ደካማ አድርጎ ይቆጥረዋል። ከሚዛኑ ሌላ የሚያስፈልገው ውስጡ የሚታይ የብርጭቆ ዕቃ፣ የሊጡን ከፍታ ለማመልከት በዕቃው ዙሪያ የሚታሰር ላስቲክ፣ እና ከነፉርሽካው የተፈጨ የስንዴ ዱቄት ነው። ነጭ ዱቄትም ይሠራል፤ ሆኖም ፉርሽካው የራሱን ጥቃቅን ሕይወትና ማዕድን ይዞ ስለሚመጣ ለተዳከመ እርሾ እኔ ሁልጊዜ እርሱን አስቀድማለሁ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ካለበት በክፍት ዕቃ ማሳደር ይጠቅማል። የዕቃው ክዳን ፈጽሞ አይጠበቅም፤ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ ካጣ ዕቃውን ሊሰብር ይችላል።

ከዚያ ከላይ ያለውን የጠቆረ ሊጥ ገለል አድርገው፣ ነጣ ካለው ከመካከሉ 20 ግራም ይውሰዱና በንጹሕ ዕቃ ከ20 ግራም ለብ ያለ ውሃና ከ20 ግራም ዱቄት ጋር አማስለው፣ ላስቲኩን በሊጡ ልክ አስረው ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቦታ ያስቀምጡ። የቀረውን አሮጌ ሊጥ አይጣሉት፤ አዲሱ እስኪጸና ድረስ በፍሪጁ ይቆይ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ባሉት ቀናት ነው፤ ስሕተቱን ለመረዳት ደግሞ በዕቃው ውስጥ ያለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እርሾ የሁለት ዓይነት ፍጥረታት የጋራ ቤት ነው፦ ጋዝ እያመረቱ ሊጡን ኩፍ የሚያደርጉት ጥቃቅን ፈንገሶች በአንድ በኩል፣ ኮምጣጣነቱን የሚሰጡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በሌላ በኩል ይኖሩበታል። ምግብ ሳይጨመርበት ወራት በቆየ ሊጥ ውስጥ አሲዱ እየበዛ ይሄዳል፣ ቁጥራቸው እጅግ የሚቀንሰውም ፈንገሶቹ ናቸው። አዲስ ዱቄትና ውሃ ሲጨመር አሲዱ ይቀጥናል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው መጠን የተረፉት ጥቂት ፈንገሶችም ይቀጥናሉ። ስለዚህ እርሾውን የሚያስነሳው የምግቡ ብዛት ሳይሆን፣ ፈንገሶቹ ተባዝተው ቦታቸውን እስኪሞሉ ድረስ የሚሰጣቸው ጊዜ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት እርሾ አጥፍቼ ነው። አንድ ጊዜ ለአራት ወር ያህል የተረሳ እርሾ ለማስነሳት ስሞክር፣ የተራበ ነገር ብዙ መብላት አለበት ብዬ 10 ግራም እርሾ ላይ 100 ግራም ዱቄትና 100 ግራም ውሃ በየ12 ሰዓቱ መስጠት ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን ጥቂት አረፋ ታየ፤ በዚህ ተበረታትቼ በዚያው መጠን ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን አረፋው ቀነሰ፣ በስድስተኛው ቀን በእጄ የቀረው ሽታም ሕይወትም የሌለው የዱቄት ሙጫ ብቻ ነበር። በየምግቡ መካከል የሚባዙት ከምጥላቸው ያንሱ ስለነበር፣ በገዛ እጄ አጥቤ ጨረስኳቸው ማለት ይቻላል። አሮጌውንም በመጀመሪያው ቀን ደፍቼው ስለነበር መመለሻ አልነበረኝም። ቀደም ሲል የቀረውን አሮጌ ሊጥ አይጣሉት ያልኩት ከዚህ የተነሳ ነው።

ትክክለኛው አካሄድ ሰዓት ሳይሆን ምልክት መከተል ነው። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ምንም ካልታየ ምንም አይጨመርበትም፤ በማንኪያ አማስሎ ሌላ 12 ወይም 24 ሰዓት መጠበቅ ብቻ ነው። አረፋ በሊጡ ጎን ላይ መታየት ሲጀምር ከእርሱ 20 ግራም አስቀርቶ፣ እንደ መጀመሪያው 20 ግራም ዱቄትና 20 ግራም ውሃ መስጠት ይገባል። ይህ አንድ ለአንድ ለአንድ የሆነ ምጥን ሊጡ በ12 ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሆኖ ኩፍ እስኪል ድረስ አይቀየርም። እጥፍ መሆን ከጀመረ በኋላ ለ20 ግራም እርሾ 40 ግራም ዱቄትና 40 ግራም ውሃ በመስጠት ማጠናከር ይቻላል። እንደገና የሚመገብበት ሰዓትም ሊጡ ጫፍ ደርሶ መሐሉ መርገብ ሲጀምር ነው፤ ገና እየወጣ ሳለ መመገብ ያዳክመዋል፣ ወርዶ ከተኛ በኋላ ብዙ ማቆየት ደግሞ ወደ አሲዱ ይመልሰዋል። ቀዝቀዝ ባለ ቤት ይህ ሁሉ በእጥፍ ሊረዝም ስለሚችል፣ ቀን እየቆጠሩ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

ለመጋገር ደርሷል የሚባለው ሦስት ጊዜ በተከታታይ፣ በተመገበ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ እጥፍ ሲሆንና ሽታው እርጎ ወይም የበሰለ ፍሬ ሲመስል ነው። ጥቂት እርሾ ውሃ ላይ ጥሎ መንሳፈፉን በማየት መፈተን የተለመደ ቢሆንም እኔ አላምንበትም፤ ቀጠን ያለ እርሾ ጤነኛ ሆኖ ሊሰጥም ይችላል፣ ሲጨለፍ አየሩ የወጣበትም እንዲሁ። በዕቃው ላይ የታሰረው ላስቲክ ከዚህ የተሻለ ምስክር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ማቆየት ነው፤ በእኔ እምነት በሥራ የተጠመደ ቤት ትልቅ ዕቃ ሙሉ እርሾ መያዝ የለበትም። 20 ግራም ይበቃል። ዳቦው 100 ግራም እርሾ የሚፈልግ ከሆነ፣ በዋዜማው ለ20 ግራሙ 50 ግራም ዱቄትና 50 ግራም ውሃ ቢሰጡት 120 ግራም ይሆናል፤ 100ው ወደ ሊጥ ይገባል፣ 20ው ወደ ፍሪጅ ይመለሳል፣ የሚጣል ዱቄትም አይኖርም። በማስነሳቱ ቀናት የሚተርፈውን ግን ስስ ቂጣ መጋገር ወይም በብስባሽ ክምር ላይ መጨመር ይቻላል። ለውሻ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ያልተጋገረ ሊጥ በሆዱ ውስጥ እያበጠ አልኮልም ስለሚያመነጭ ሊገድለው ይችላል።

በየሳምንቱ የሚጋግር ሰው ከጋገረ በኋላ የተረፈውን መግቦ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ውጭ አቆይቶ በ4 ዲግሪ ገደማ ፍሪጅ ውስጥ ቢያስቀምጠው እስከሚቀጥለው መጋገሪያ ቀን ይደርሳል። አጨዳ ሲቃረብ ደግሞ እርሾውን ጠጠር ማድረግ ይሻላል፦ 10 ግራም እርሾ፣ 50 ግራም ዱቄትና 25 ግራም ውሃ ብቻ በእጅ ታሽቶ ሲድቦለቦል፣ ውሃው ጥቂት በመሆኑ ቀስ ብሎ ስለሚቦካ ከቀጭኑ እርሾ ይልቅ ሳይመገብ ይቆያል።

የመጨረሻው ጉዳይ መጠባበቂያ ነው። ለሙቀት ብዬ መብራቱ ብቻ በበራ ኦቨን ውስጥ ያስቀመጥኩትን ጤነኛ እርሾ፣ ውስጡ መኖሩን ያላወቀ የቤተሰብ አባል ኦቨኑን ለማሞቅ ሲያበራው በአንድ ጊዜ ተቃጥሎብኛል፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ፈንገሶቹ በሕይወት አይቆዩም። ከዚያ ወዲህ ኦቨን ውስጥ እርሾ አላስቀምጥም፣ የደረቀ እርሾም ከቤቴ አይጠፋም። የሚደርቀው ኩፍ ባለበት ሰዓት ነው፤ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ በተቻለ መጠን ሳስቶ ይቀባና፣ እሳትና ፀሐይ ሳይነካው እንደ አየሩ ሁኔታ አንድ ወይም ሁለት ቀን በክፍሉ አየር ይደርቃል። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት፤ የሚለመጥ ከሆነ እርጥበት ስላለው ይሻግታል። ከዚያ ተሰባብሮ ክዳኑ በሚጠብቅ ደረቅ ዕቃ፣ የደረቀበት ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል። በተፈለገ ጊዜ 10 ግራሙን በ20 ግራም ለብ ያለ ውሃ እስኪሟሟ ለጥቂት ሰዓታት ዘፍዝፎ 10 ግራም ዱቄት መጨመርና፣ አረፋ ካሳየ በኋላ ከላይ እንደተገለጸው አንድ ለአንድ ለአንድ እየመገቡ መቀጠል ነው።