ከለገጣፎ ተነስቶ ፕሮፌሽናል ቴኒስ መጫወት፦ ከየት ትጀምሪያለሽ?

ዊምብልደንን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ በዓለም የተጫዋቾች የደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ መግባት አለብሽ። ለዚህ ደግሞ ከዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን አይፒን የሚባለውን የተጫዋች መለያ ቁጥር አውጪ፤ ያለ እሱ አትመዘገቢም። ዕድሜሽ 14 መሙላት አለበት፣ ከ18 በታች ከሆንሽም በዓመት የምትጫወቺው ውድድር የተገደበ ነው።

መነሻሽ ደብልዩ 15 የሚባለው ዝቅተኛው የሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድር ነው። ሽልማቱ 15,000 ዶላር ሲባል አትደሰቺ፣ ለሁሉም ተጫዋች የሚከፋፈል ስለሆነ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈች ልጅ የምታገኘው የአውሮፕላን ትኬቷን እንኳን አይሸፍንም። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ብለሽ አትውጪ! እንደ ቱኒዚያዋ ሞናስቲር ያሉ ከተሞች በተከታታይ ሳምንታት ስለሚያዘጋጁ በአንድ ጉዞ ሁለት ሦስት ውድድር ተጫወቺ። ቪዛውን በጣም ቀድመሽ ጀምሪ፣ የስንቱን ዕቅድ ያበላሸ ነገር ነው። ደረጃሽን የሚወስነው በየውድድሩ የምታገኚው ነጥብ ደግሞ ከ52 ሳምንት በኋላ ይሰረዛል፤ ዓመቱን ሙሉ ለመጫወት በጀት ያዢ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ከፍታ። እኛ ጋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈጥናል፣ ይረዝማል። ባህር ዳርቻ ስትወርጂ ያው ምት አጥሮ መረብ ላይ ይቀርብሻል። ለከፍታ ቦታ ተብለው የተሠሩ ኳሶች ካገኘሽ በእነሱ ተለማመጂ፣ ካልሆነ ከውድድሩ ጥቂት ቀን ቀደም ብለሽ ድረሺና እጅሽን አስተካክይ።

በጥንድም ተመዝገቢ። ኬንያዊቷ አንጄላ ኦኩቶዪ በ2022 የዊምብልደን ታዳጊዎችን ዋንጫ ያነሳችው በጥንድ ነው። ከአጣማሪሽ ጋር ክፍል ብትጋሪ ደግሞ የሆቴሉ ወጪ በግማሽ ይቀንስልሻል።