ውድ ካሜራ ሲንኮሻኮሽ፦ ድምፆቹ፣ አመሎቹና መፍትሄያቸው

ብዙ ገንዘብ የወጣበት ካሜራ ትንሽ ኮሽ ሲል ልብ ድንግጥ ይላል። ነገር ግን ካሜራ በተወደደ ቁጥር ውስጡ የሚንቀሳቀሰው ነገር ይበዛል። የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ዝም አይልም። አብዛኛው ድምፅ የብልሽት ሳይሆን የሥራ ድምፅ ነው።

ወደ ጥገና ከመሮጣችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ መልሱ። ድምፁ የሚሰማው ካሜራው ሲበራ ነው ወይስ ሲጠፋ? ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ ነው ወይስ አዲስ? በእኔ እይታ ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል። ከተገዛበት ቀን ጀምሮ የሚጮህ ካሜራ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ትናንት ዝም ብሎ የነበረና ዛሬ የጀመረው ግን ሊታይ ይገባል።

ጠፍቶ ሲነቀነቅ ውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል

ዋናው ድንጋጤ ይሄ ነው። ካሜራውን ከቦርሳ ስታወጡት ብሎን የወለቀ ይመስል ቋ ቋ ይላል። ብዙውን ጊዜ የወለቀ ነገር የለም።

አንደኛው መነሻ የካሜራው አካል ነው። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርም ስታቢላይዜሽን ያለው ካሜራ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል) በብሎን ተጠፍሮ አይቀመጥም። በማግኔትና በኤሌክትሪክ ኃይል ተይዞ ነው የሚሠራው። ኃይሉ ሲቋረጥ የሚይዘው ስለሌለ በተሰጠችው ጠባብ ቦታ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሲጠፉ ሴንሰሩን የሚቆልፉ ሞዴሎችም አሉ፤ እነሱ አይንኳኩም።

ሁለተኛው መነሻ ሌንሱ ነው። የራሱ ስታቢላይዜሽን ያለው ሌንስ ውስጡ አንድ ተንቀሳቃሽ የመስታወት ክፍል አለው። ሊኒየር ሞተር ያላቸው ሌንሶች ደግሞ ይብሳሉ። ፎከስ የሚያደርገው ክፍል በማርሽ ሳይሆን በማግኔት ስለሚያዝ፣ ኃይል ሲያጣ በሐዲዱ ላይ እንደልቡ ይንሸራተታል። የፉጂፊልም 90 ሚሊሜትር ኤፍ2 ሌንስ በዚህ ይታወቃል። ጠፍቶ ሲገለበጥ ውስጡ ጓ ይላል፤ ግን ምንም አልሆነም።

እንዴት ይለያል? ካሜራውን አብሩ፣ ስታቢላይዜሽኑንም ክፈቱ። ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዘንብሉት። ድምፁ ከጠፋ ጨርሳችኋል፤ ቡናችሁን ጠጡ። ካልጠፋ ሌንሱን ፍቱና ሁለቱን ለየብቻ ሞክሯቸው። የአካሉን አፍ በክዳኑ መዝጋት አትርሱ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የማንጠልጠያውን ቀለበቶች በጣታችሁ ያዙ። አትሳቁ። እነዚያ ትንንሽ ብረቶች ከአካሉ ጋር ሲጋጩ የሚያወጡት ድምፅ ከውስጥ የመጣ ይመስላል። የባትሪው በር፣ የፍላሽ ማስገቢያው ሽፋንና በደንብ ያልገባ የሌንስ ጥላ እንደዚሁ ያታልላሉ።

የሚያሳስበው ካሜራው በርቶም መንኳኳቱ ሲቀጥል፣ በተለይ ደግሞ በመመልከቻው ውስጥ ምስሉ ሲዘል ወይም ሲንቀጠቀጥ ነው። ያኔ ስታቢላይዜሽኑ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ይቻላል። በቤት የሚሠራ አይደለም። ድምፁን ለሰው ለማሰማት ብላችሁም ደጋግማችሁ አትነቅንቁት።

ሲበራ ያለማቋረጥ ሹሽ ይላል

ጆሮን ጠጋ ሲያደርጉት የሚሰማ ቀጭን የአየር ዓይነት ድምፅ ነው። ስታቢላይዜሽኑ ሴንሰሩን በቦታው ይዞ ለመቆየት ሲሠራ የሚያወጣው ነው። ኦሊምፐስ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኦኤምዲ ኢ-ኤም5 ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በግልጽ ይሰማ ነበር። የሚጠገን ነገር የለውም። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሲሆን ግን ስታቢላይዜሽኑን አጥፉት። ድምፁም ይቀራል፣ በረጅም ኤክስፖዠር ጊዜ፣ ማለትም ሹተሩ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ሲያነሳ፣ ምስሉ እንዳይንሸራተትም ይረዳል።

ቪዲዮ ላይ ይህ ድምፅ ከገባ መፍትሄው የውጭ ማይክ ነው፤ እሱንም ከአካሉ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ። እንደ ፓናሶኒክ ኤስ1ኤች ያሉ ለረጅም ቪዲዮ የተሠሩ ካሜራዎች ደግሞ ማቀዝቀዣ ፋን አላቸው። የሚነፍሰው እሱ ነው፤ የአየር መውጫውን በእጅ አትድፈኑ።

ሲበራ ወይም ሲጠፋ ብቻ ለአፍታ ዝዝ የሚል ከሆነ ሴንሰሩ አቧራውን እያራገፈ ነው። እለፉት።

ምንም ሳልነካው ሌንሱ ይንቀጫቀጫል

ካሜራውን ከጨለማ ወደ ብርሃን ስታዞሩት ቅጭ ቅጭ ቅጭ ይላል። አፐርቸሩ፣ ማለትም በሌንሱ ውስጥ የሚጠብና የሚሰፋው የብርሃን ቀዳዳ ነው። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ምስል እንዳይጨልም ወይም እንዳይነጣ ብርሃኑን እየተከተለ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ፉጂፊልም ኤክስ-ፕሮ1 በዚህ ብዙ ተወርቶበታል፤ ኩባንያው በፈርምዌር (የካሜራው የውስጥ ሶፍትዌር) ማሻሻያ ቀንሶታል። እናንተም መጀመሪያ ፈርምዌሩን አድሱ፤ የካሜራውንም የሌንሱንም።

የሹተር ቁልፉ ሳይነካ ራሱ ፎከስ የሚፈልግ ሴቲንግም አለ። እሱ ከበራ ሌንሱ ቀኑን ሙሉ ይንጎራጎራል፣ ባትሪም ይበላል። ከሜኑ አጥፉት።

ሹተሩ ሁለት ጊዜ የሚመታ ይመስላል

መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራ በርቶ ሳለ ሹተሩ፣ ማለትም ሴንሰሩ ፊት ያሉት መጋረጃዎች፣ ክፍት ነው። ቁልፉን ስትጫኑ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፈታል። ስለዚህ ድርብ ቢመስል አይገርምም። የመጀመሪያውን መጋረጃ ኤሌክትሮኒክ የሚያደርገውን አማራጭ ብትመርጡ ድምፁ ያጥራል። ነገር ግን ድምፁ በድንገት ተቀይሮ ፎቶው ላይ ከፊል ጥቁር ጥላ ከወጣ መጋረጃው ተጎድቷል። በጣትም በታሸገ አየርም አትንኩት።

ዙሙ ሲዞር ይፈጫል

አሸዋ ነው። አቁሙ። አንድ ዙር ብቻ ብላችሁ አታዙሩት። ከውጭ ያለውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፤ ከዚያ በኋላም ከፈጨ ሌንሱ መከፈት አለበት፣ የሚከፍተውም ባለሙያ ነው።

ድምፅ የሌላቸው አመሎች

ስክሪኑ በድንገት ጠፋ? መመልከቻው አጠገብ ዓይን መቅረቡን የምታውቅ ትንሽ ሴንሰር አለች። ላብ፣ ቅባት ወይም የማንጠልጠያው ጨርቅ ከሸፈናት ካሜራው ዓይናችሁን የጠጋችሁ ይመስለውና ስክሪኑን ያጠፋል። መጥረግ ይበቃል። በመመልከቻው ሁሉም ነገር ብዥ ካለ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ መመልከቻውን ለዓይናችሁ የምታስተካክለው የዳዮፕተሯ ጎማ ዞራ ይሆናል። ፊደሎቹ እስኪጠሩ መልሷት።

አልተኩስ አለ? ብዙ ጊዜ ፎከስ ሳያገኝ እንዳያነሳ ስለታዘዘ ነው። ወደ ማንዋል ፎከስ ቀይሩና ሞክሩ፤ ካነሳ ጥፋቱ የሹተሩ አይደለም። ካነን ላይ ኢአርአር 01 (Err 01) የሚል ከመጣ ካሜራውና ሌንሱ አልተግባቡም፤ የሌንሱን የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦች በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ኒኮን ላይ ኤፍኢኢ (fEE) ካለ፣ የአፐርቸር ቀለበት ያለውን ሌንስ ቀለበቱን ወደ ትልቁ ቁጥር አዙራችሁ ቆልፉት።

ከረጅም ኤክስፖዠር በኋላ ደረቀ? ለ30 ሰከንድ ካነሳችሁ በኋላ ሌላ 30 ሰከንድ ምንም አልመልስ ይላል። የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ (በምስሉ ላይ የሚወጡ ነቁጦች) ቅነሳ ስለበራ፣ ሹተሩን ዘግቶ ያንኑ ያህል ጊዜ ሁለተኛ ምስል እያነሳ ነው። ባትሪውን መንቀል አያስፈልግም። ትዕግሥት ካጣችሁ ከሜኑ አጥፉት።

ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ? ይሄኛው ብዙ ሰው ሴንሰር ሞተ ብሎ የሚያዝንበት ነው። የኤሌክትሮኒክ ሹተር ምስሉን ረድፍ በረድፍ ነው የሚያነበው። የቤት መብራት ደግሞ ለዓይን ባይታይም ይብለጨለጫል፤ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ባለበት በሰከንድ 100 ጊዜ። ረድፎቹ አንዱ ብርሃን ላይ፣ አንዱ ጨለማ ላይ ሲነበቡ መስመር ይሠራሉ። ወደ ሜካኒካል ሹተር መልሱ፣ ወይም የሹተሩን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉ። 60 ኸርዝ ባለበት 1/60 ወይም 1/125 ይሁን። አንዳንድ የኤልኢዲ መብራቶች ግን በራሳቸው ፍጥነት ስለሚብለጨለጩ ይህም ላይሠራላቸው ይችላል። ያኔ መስመሩ እስኪጠፋ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ እያደረጉ መፈለግ ነው።

ነጠብጣብ ካያችሁ አፐርቸሩን ኤፍ16 አድርጋችሁ፣ ምስሉን ሆን ብላችሁ ከፎከስ አውጥታችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ። ደብዛዛ ጥቁር ነጥብ አቧራ ነው፤ በአየር መንፊያ ጎማ ይሄዳል። በአፍ ግን አትንፉ፤ ምራቅ ከአቧራ ይከፋል። የማይሄድ ነጥብ ግን ከካሜራው ራሱ ሊመጣ ይችላል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ዲ600 ሴንሰሩ ላይ ነጥብ በማብዛት ስሙ ጠፍቶ፣ ኩባንያው ሹተሩን በነጻ እስከ መቀየር ደርሷል። የላይካ ኤም9 ሴንሰር ሽፋን መስታወት ደግሞ የመበላት ችግር ነበረበት። እንዲህ ያለውን በጽዳት ብዛት ለማስለቀቅ መሞከር ሴንሰሩን መቧጨር ነው።

ወደ ጥገና ከተወሰደ

ድምፁን በስልካችሁ ቅዱት፤ ጥገና ቤት ሲደርስ ዝም የማለት ልማድ አለው። በየትኛው ሌንስ፣ በርቶ ወይስ ጠፍቶ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ስጡ። የሚጮኸው ከአንድ ሌንስ ጋር ብቻ ከሆነ ሁለቱንም ውሰዱ። ሜሞሪ ካርዱንና ማንጠልጠያውን ግን ቤት አስቀሩ። የራሳችሁን ሴቲንግ መዝግቡ ወይም ካርድ ላይ ሴቭ አድርጉ፤ ከጥገና የሚመለስ ካሜራ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ተመልሶ ሊሆን ይችላል።