ራጅ ክፍል ደጃፍ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አንዲት ወጣት የደረት ራጅ ተነስታ ምስሉ ሲወጣ፣ ከአንገቷ ዝቅ ብሎ በሳንባዋ አናት ላይ ነጭ ጥላ ታየን። የሳንባ ነቀርሳ ደግሞ የሚወደው ቦታ ያው የሳንባ አናት ስለሆነ ልባችን ደነገጠ። ለካ ትከሻዋ ላይ የተኛው ሹሩባዋ ነው! ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ እንደገና ስትነሳ ሳንባዋ ጥርት ብሎ ወጣ። ነገር ግን ሁለተኛ ጊዜ መነሳት ማለት ሁለተኛ ጊዜ ጨረር መቀበል ነው።

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይህ ነው፤ ሳይዘጋጁ መቆም። ራጅ በመሠረቱ የጥላ ሥዕል ነው። ጨረሩ ሥጋን በቀላሉ ያልፋል፤ አጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ግን ብዙውን ውጦ ያስቀረዋል። ጨረር የደረሰበት የፊልሙ ክፍል ይጠቁራል፣ ያልደረሰበት ይነጣል። ቁልፍም፣ ሐብልም፣ የጡት መያዣ ብረትም ያው ነጭ ጥላ ይሆናሉ። ማተቤን አልፈታም የሚል ሰው አይፍታ፤ ክሩ ችግር የለውም፣ ችግሩ የብረት መስቀሉ ነው። ብዙዎች መስቀሉን ወደ ጀርባ ያዞሩታል፤ ይህ አይጠቅምም፤ ጨረሩ ሰውነትን አልፎ ስለሚሄድ መስቀሉ ከፊትም ሆነ ከኋላ ጥላውን ይጥላል። ወደ አገጭ ከፍ ማድረግ ይበቃል። «አየር ስቡ፣ ያዙ» ስትባሉም በደንብ ሳቡ። በግማሽ ትንፋሽ የተነሳ ምስል ጤነኛውን ልብ የተለቀ ያስመስለዋል።

«ራጅ እንኳ ሳያዝልኝ» ብሎ ሐኪምን መውቀስ ሌላው ነው። ወገቡን ያመመው ሁሉ ራጅ አያስፈልገውም። ራጅ አጥንትን እንጂ በአከርካሪ መካከል ያለውን ዲስክ፣ ነርቭንና ጡንቻን አያሳይም፤ ሕመሙ ከእነዚህ ከመጣ «ራጁ ንጹሕ ነው» መባል ምንም አይነግራችሁም።

በተቃራኒው የሚፈሩም አሉ። ጨረሩ ሰውነቴ ውስጥ ይቀራል ብለው ወተት የሚጠጡ አይቻለሁ። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ውስጥ ብርሃን እንደማይቀር ሁሉ ማሽኑ ሲቆም ራጅም የለም። የጨረር መጠን በሚለካበት በሚሊሲቨርት አንድ የደረት ራጅ 0.1 ገደማ ነው። ከአፈር፣ ከሰማይና ከምንበላው ምግብ ደግሞ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት እንቀበላለን። እንግዲህ አንዱ የደረት ራጅ የሁለት ሳምንት ያህል የተፈጥሮ ጨረር ነው ማለት ነው። ተፈርቶ የሚተው አይደለም።

ሲቲ ስካንን እንደ ተራ ራጅ መቁጠር ግን አይገባም። ሲቲም የሚሠራው በዚያው ጨረር ነው፤ የደረቱ 7 ሚሊሲቨርት ገደማ ስለሚደርስ ሰባ የደረት ራጅ ያህላል። ሐኪሙ ሲያዝ መነሳት፣ «ለማረጋገጥ ያህል» ብሎ በራስ ገንዘብ ከማዕከል ማዕከል አለመዞር። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ግን ይህ ጨረር የላቸውም፤ አንዱ በድምፅ ሞገድ፣ ሌላው በማግኔት ነው የሚሠራው።

እርግዝናን መደበቅ የሚያሳዝነኝ ነው። ወደ አሜሪካ በዲቪ ወይም በቤተሰብ የሚሄዱ፣ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚጓዙም በሕክምና ምርመራቸው የደረት ራጅ ይነሳሉ። አንዳንዷ ሂደቱ ይዘገይብኛል ብላ «የለም» ትላለች። ብትናገር ሆዷ ጨረር በሚያግድ የእርሳስ ብረት መከላከያ ሊሸፈንላት ወይም ቀጠሮው ሊራዘምላት ይችላል። እውነቱን ለመናገር በደረት ራጅ ፅንሱ ጋ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው፤ በሆድና በዳሌ ሲሆን ግን ጨረሩ በቀጥታ ያርፍበታል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። ስለዚህ የወር አበባችሁ ከቀረ ሳትጠየቁም ተናገሩ።

ሕፃን ሲነሳ ቤተሰቡ በሙሉ ተከትሎ ይገባል። ጨረሩ ከሕፃኑ ሰውነት ነጥሮ ወደ ጎንም ስለሚበተን መያዝ ያለበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም የእርሳስ መከላከያ ልብስ ይልበስ፣ ነፍሰ ጡርም አይሁን። ሌላው ይውጣ። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል። ጨረሩ ስለማይታይና ሲያርፍብን ስለማይሰማን ሰው ይደፍረዋል። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊም ደፍሮት ነበር፤ የራጅ ቱቦዎችን የሚሞክረው በገዛ እጁ ነበርና። ሁለቱም እጆቹ ተቆርጠው እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ፤ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሮንትገን ጨረሩን ካገኘ ገና 9 ዓመቱ ነበር።

የድሮውን ፊልም መጣልስ? ሳንባ ላይ የቀረ ጠባሳ አዲስ ይሁን የቆየ የሚለየው ከቀድሞው ምስል ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ነው። ፊልሙ ከሌለ ሐኪሙ ሌላ ምርመራ ለማዘዝ ይገደዳል። ፍራሽ ሥር አጥፋችሁ አታስቀምጡት፤ ይተጣጠፋል፣ የታጠፈበት መስመርም ስብራት መስሎ ይታያል። በፖስታው እንዳለ፣ ሙቀትና እርጥበት በሌለበት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ አቁሙት።